ቦክስ ጊታር ፍለጋ

ጊታር ጊታር ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሁለት ሺህ አስራ አምስት ወንድም ጋሼን ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተሳሰረ። እኔ ሆላንድ፣ አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ሰፈር ነኝ፤ እሱ ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ ሰፈር፣ ለብቻው። እጁን የምታሠራው ፊዚዮ፣ ድሮ በእጁ ይወደው የነበረ ነገር ካለ አምጡለት፣ ያነቃቃዋል አለችን። ወንድም ጋሼ እኔን ሳይጠብቅ «ቦክስ ጊታር» አለ። በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት ይጫወት ነበር። ከታመመ ወዲህ ይሄን እፈልጋለሁ ሲል የመጀመሪያው ስለሆነ ልቤ ዘለለ። ጊታሩ ከተገኘ ወንድሜ ይመለስልኛል፣ በቃ፣ እንዲያ ነበር ያሰብኩት።

አምስተርዳም አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁና ክው አልኩ። ግድግዳው ሁሉ ጊታር ነው፤ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ቀንድ ያወጣው። የቱ የቱ ነው? ሽበታም ፀጉሩን ወደ ኋላ ያስያዘ ሻጭ ምን ልርዳሽ ሲለኝ፣ ኮራ ብዬ ቦክስ ጊታር አልኩት። ጊታር ሜት ቦክስ፣ ጊታር ከነቦክሱ? ብሎ አጣራ። ያ፣ ያ፣ አዎን አልኩት። ቀንዳም ቀይ ጊታርና የጫማ ካርቶን የምታህል ድምፅ ማጉያ አሸክሞ ሸኘኝ። ባቡር ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ሄድኩ።

ወንድም ጋሼ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ በቀኝ እጁ እንጨቱን ኳ ኳ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ለካ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሆዱ ድፍን፣ ካልሰኩት ድምፁ የማይሰማ። እኛ ቦክስ የምንለው ሆዱ እንደ ሳጥን ባዶ የሆነውን፣ በራሱ የሚጮኸውን ነው። ሆላንዶቹ ደግሞ ቦክስ የሚሉት ድምፅ ማጉያውን! ሰውዬው የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስራገም ሄድኩ፤ ማንን እንደምራገም ግን አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ሱቁ ተመልሼ ሆዴን እየመታሁ ባዶ፣ ባዶ አልኩት። ሻጩ ሳቀ፤ እኔንም አሳቀኝ። ገባውና ሆዳሙን አወረደልኝ። ክሩስ፣ ብረት ነው ናይለን? አለኝ። ወይ ጣጣ! እኔ የማውቀው ድስት መግዛት ነው፤ ብረት አይበጠስም ብዬ ብረት አልኩ።

ላክ ስደርስ ወንድም ጋሼ ክሩን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና ፊቱን አጨማደደ። የብረት ክር ጠንካራ ነው፣ ሲጫኑት ጣት ይበላል፤ እሱ የለመደው ለስላሳውን ናይለን ነው። ይህን በሁለት ሦስት ቃልና በብዙ ትንፋሽ አስረዳኝ። ቀድመህ አትነግረኝም ኖሯል ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አንደበቱ የታሰረበት ሰው ምን ብሎ ይንገረኝ?

ሦስተኛው ሆዱ ባዶ፣ ክሩ ናይለን፣ አንገቱ ሰፊ ነበር። ገና ከልብሱ ሳወጣው ወንድም ጋሼ ፈገግ አለ። ጭኑ ላይ አስደገፍኩለት። ቀኝ እጁ ክሮቹ ላይ ወረደና ቤቱ በድምፅ ሞላ። እልል አልኩ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል አላልኩም። ደግሞ መታው። ደግሞ። ያው ድምፅ ነው። አሁንም ያው። እስቲ አንድ ዘፈን በለኝ አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ቀኙ... መምታት ብቻ ነው» አለ፣ ቃሉን እየጎተተ። «ዘፈኑ ያለው... ግራው ላይ ነው።»

የጊታር ዓይነት ስማር ከርሜ፣ የቱ እጅ ምን እንደሚሠራ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ቀኙ ተርፎለታል፣ ተመስገን ስል ነበር የከረምኩት። ለካ አንገቱ ላይ ክሩን እየተጫነ ዜማውን የሚያወጣው ግራ እጅ ነው።

«ታዲያ እያወቅክ ለምን አምጪ አልከኝ?»

«ጊታሩን ሲያይ... የሚነሳ መስሎኝ» አለኝ። ስለ እጁ ነው የሚያወራው።

ግራ እጁን ከጎኑ አንስቼ የጊታሩ አንገት ላይ አስቀመጥኩለት። ተንሸራቶ ወረደ። መልሼ አስቀመጥኩትና በራሴ እጅ ደግፌ ያዝኩት። የቱ ክር፣ የት ላይ እንደሚጫን ግን እኔ አላውቅም፤ እሱም ለመናገር ደክሞት ነበር።