በብረቱ ላይ የቀሩት ጣቶች

ዙሪክ፣ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ብረት እንዳይዝግ አድርጎ ማሸግ ነበር። ለፋብሪካ ማሽን መለዋወጫ የሚሆኑ ዘንጎች፣ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ይመጡልናል። አጥበን፣ አድርቀን፣ ዘይት ቀብተን፣ ዝገት በሚከላከል ቡናማ ወረቀት እንጠቀልላቸዋለን፤ ከዚያ እርጥበት ከምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጋር በፕላስቲክ እናሽጋቸዋለን። አንድ ቦታ አንድ ማሽን እስኪሰበር ድረስ መደርደሪያ ላይ አምስትም አሥርም ዓመት ይተኛሉ።

ሼፉ፣ አለቃችንን እንዲህ ነበር የምንለው፣ መጀመሪያ ቀን የነገረኝ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ በባዶ እጅ እንዳትነካ። ላብ ጨው አለው። የነካኸው ቦታ ዛሬ ምንም አይታይበትም፤ ዘይት ብትደርብበትም ጨው ከሥር ሆኖ ቀስ እያለ ብረቱን ይበላዋል።

እዚያ ያስገቡኝ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። አዲስ አበባ የራሳቸው ጋራዥ ነበራቸው፤ ዙሪክ ሲመጡ እኔ ገና ተማሪ ቤት ነበርኩ። ከስደተኞች ካምፕ ስወጣ ሳሎናቸው ውስጥ አራት ወር አስተኝተውኛል። በኋላም ሼፉ ፊት አቁመውኝ፣ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛቸው፣ «ይሄ ወንድሜ ነው፤ እኔን እንደምታምነኝ እመነው» አሉት። አመነኝ።

ጋሼ አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። ሼፉ ዘወር ሲል ጓንታቸውን ያወልቃሉ። «ጓንት አድርጌ ብረቱ ይሻክር ይለስልስ በምን አውቃለሁ?» ይሉኛል፣ ዘንጉን በመዳፋቸው እየዳበሱ። ሲጨርሱ መልሰው ያጥቡታል፤ ሲቸኩሉ ግን ይረሱታል። እኔም እያየሁ ዝም እል ነበር። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ምን ልበላቸው?

በሁለተኛው ወር ከስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ፤ በነጋታው ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ቅረብ ይላል። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ፈቃድ የጠየቀውን ሁሉ ሼፉ ሲከለክል ስላየሁ ልጠይቀው ፈራሁ። ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ሂድ» አሉኝ። «ሼፉ ነገ ዋሊሰለን ከተማ ነው የሚውለው። ያንተን እኔ እሠራልሃለሁ።»

«ማኅተሙስ?»

«ስጠኝና ሂድ። ማን ያየናል?»

ማኅተም የምለው ያሸገው ሰው እንዲታወቅ እሽጉ ላይ የምናትመውን ቁጥር ነው። የእኔ አሥራ ሰባት ነበር። ጠዋት ሥራ መግባቴን አስመዘገብኩ፣ ማኅተሙን ሰጠኋቸውና በጓሮ በር ወጣሁ። ከምሳ በኋላ ስመለስ አንድ ሣጥን ሙሉ ዘንግ ታሽጎ፣ በሁሉም ላይ አሥራ ሰባት ታትሞ ጠበቀኝ። በጣም አመሰገንኳቸው። ጉልበታቸውን ለመሳም ምንም አልቀረኝም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ያ ሣጥን ከደንበኛው ተመልሶ መጣ። ሼፉ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ አራት ዘንጎች ደርድሮበታል። እንደ መስታወት በሚያበራው ብረት ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች አሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ ነጠብጣብ አይደሉም፤ የጣት አሻራ ናቸው። አራት ጣት በአንድ ወገን፣ አውራ ጣት በሌላው። መስመሮቹ እንኳ ይቆጠራሉ።

«አሥራ ሰባት ያንተ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ጓንት አላደረግክም ነበር?»

በቢሮው መስታወት በኩል ወደ መጋዘኑ አየሁ። ጋሼ ጋሪያቸውን ይዘው ቆመው ወደ እኛ ያያሉ። ገብቷቸዋል። አሁን በሩን ከፍተው ይገባሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብናገር፣ ሥራ ገብቻለሁ ብዬ ጠፍቻለሁ፣ ማኅተሜንም ለሰው ሰጥቻለሁ ማለት ነው፤ ያም ያስባርረኛል፤ በላዩ ደግሞ ያስጠጉኝን ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። እሳቸው ቢናገሩ ግን እዚያ አሥራ ስምንት ዓመት የሠሩ ናቸው፤ ይሰሟቸዋል። ጋሼ ጋሪያቸውን እየገፉ ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ ሄዱ።

«አላስታውስም» አልኩት።

ሼፉ ክፉ ሰው አልነበረም። «አንዳንድ ሰው ላቡ ለብረት አይስማማም» አለኝ። «ጥፋትህ ላይሆን ይችላል። ግን ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም።» ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ እንደማይታደስም ነገረኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ቡና ስንጠጣ አንዱ ባልደረባችን ማንኪያውን ከፊቴ አነሳና «እንዳይዝግብኝ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጋሼም ሳቁ።

የመጨረሻዬ ቀን ትራም ፌርማታ ድረስ ሸኙኝ። «አይዞህ፣ እግዚአብሔር የተሻለ ያዘጋጅልሃል» አሉኝ። ስለ ዘንጎቹ ግን አላነሡም። ሳምንታት ሙሉ ስልካቸውን ጠበቅኩ።

ከመጋዘኑ አንድ የተጣለ ለስላሳ ቁራጭ ብረት ይዤ ወጥቼ ነበር። አውራ ጣቴን ተጫንኩበትና ልብስ የምናጥብበት ምድር ቤት፣ እርጥበቱ መሐል አስቀመጥኩት። ንጹሕ ሆኖ ላገኘው፣ ለማን እንደማሳየው እንኳ ሳላውቅ፣ በጣም ፈልጌ ነበር። በሳምንቱ ሳየው ቡናማ አሻራ አውጥቷል። የእኔም እጅ ያዝጋል። የማንም እጅ ያዝጋል መሰለኝ። ወስጄ ጣልኩት።

ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ቋሚ ሥራ የለህም ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ሥራ አግኝቼ እንደገና እስካስገባ ሁለት ዓመት አለፈ። እሷም በመጨረሻ መምጣቱን ተወችው። «ሰለቸኝ» ነው ያለችኝ፤ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ጄኔቭ ገቡ። ያገኘኋቸው እኔ ከመጋዘኑ ከወጣሁ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ለሠርግ ሄጄ፣ ፓኪ በሚባል ሰፈር በርበሬ ልገዛ ስዞር ካፌ በር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ብድግ ብለው አቀፉኝ፤ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ስኳራቸው አወሩልኝ። ሻይ አዘዙልኝ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አልገቡም?»

የትኛውን ቀን አላሉኝም።

«ለጡረታዬ ስምንት ወር ነበር የቀረኝ» አሉ። «አንተ ወጣት ነህ፤ ሌላ ታገኛለህ ብዬ ነው።»

«ሌላ ቀን ሊነግሩት ይችሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ።»

«አንተስ አፍ አልነበረህም? ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎን እየጠበቅኩ ነበር።»

እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ። «በል፣ ልጄ እየመጣች ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷ ይሄን አታውቅም።»

ልጅቷ ከሥራ መምጣቷ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከልጅነቷ ስዊዘርላንድ ያደገች ናት። «ቦንዡር! አባዬ ስለ አንተ ሁሌ ያወራል» አለችኝ እየሳቀች። «ዙሪክ ሥራ ያስገባህ እሱ ነው፣ ኔስ ፓ? አይደል?»

ጋሼ የሻይ ብርጭቆአቸውን ያያሉ።

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አልኳት።

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ ባቡር አለብኝ አልኩ። ባቡሩ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ልላቸው ይገባ የነበረውን ሁሉ ለራሴ አልኩት፤ አንዱንም «አንተ» ብዬ ልናገረው አልቻልኩም።

በየበዓሉ መልእክት ይልኩልኛል። አንዳንዱን እመልሳለሁ። ባለፈው ፋሲካ የአበባ ሥዕል ያለበት «እንኳን አደረሰህ ልጄ» ላኩልኝ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።