ከከፋዩ ስር

ሰፈሩ «ስፖንጁ» ይለዋል። ሶፋ ሰሪ ነው፤ የስፖንጅ ጥቅል ተሸክሞ ሲመጣ ከሩቅ ላየው ስፖንጁ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ቅጽል ስሙን አልጠላውም። የሚጠላው ቆሻሻ ነው። ብርጭቆ ሳያሸት ውሃ አይጠጣም፣ የሰው ፎጣ አይነካም፣ ከሰላምታ በኋላ እጁን ደብቆ ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ሚስቱ «እኔን ያገባኝ በሳሙና አሽቶ ካየኝ በኋላ ነው» እያለች ታሾፍበታለች።

ይሁንና ይሄው ሰው እሑድ ከሰዓት ሲደርስ ጫማውን አስውቦ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ሰው ለሰው ተጣብቆ ወደሚቀመጥበት አዳራሽ እየፈጠነ ይሄድ ነበር። ቴአትርና ሙዚቃ የሚታይበት አዳራሽ ነው። ከሚስቱ ጋር የተላመዱት እዚያው ነው ማለት ይቻላል። ያኔ እናቷ «ብቻችሁን አትሄዱም!» ብለው መሃላቸው ገብተው ተቀመጡ፤ መጋረጃው ሲከፈት ግን የመጡበትን ጥበቃ ረስተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቢታመሙ እንኳ እሳቸው አይቀሩም። ልጅ ተወልዳ ከፍ ስትል እሷም ተጨመረች። አራቱም ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ረድፍ እንደ ርስት ያዙት።

አማቱ መድረክ ላይ ያለን ሰው እንደ ጎረቤት ነው የሚያነጋግሩት። «አትመኚው ልጄ፣ የዚህ ሰውዬ ዓይኑ ሌላ ጋ ነው!» ብለው ሲጮሁ ተዋናይዋ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ መንገዱን ሙሉ እሱ ከዳተኛ ባል፣ ሚስቱ ዳኛ፣ ልጅቷ ሟች ሆነው ያዩትን ይደግሙታል። ልጅቷ ስትሞት መሃል መንገድ ላይ ስለምትዘረጋ ባለመኪናዎች ይሳደባሉ። እነሱ ግን ለሳምንት የሚበቃቸውን ይስቃሉ።

አዳራሹ ለእድሳት ሲዘጋ ወንበሮቹን የማልበሱ ሥራ ለስፖንጁ ደረሰው። ሚስቱ እልል አለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ «የገዛ ወንበራችንን በእጄ ላለብሰው ነው!» አለ።

የመጀመሪያውን ወንበር ብሎን ፈትቶ ገለበጠው። መቀመጫው ስር ማስቲካ እንደ ኪንታሮት ተደርድሯል። ነጩ ጠቁሯል፣ ሮዙ አመድ መስሏል፤ እያንዳንዱ ላይ የለጠፈው ሰው የአውራ ጣት አሻራ ቁጭ ብሏል። ካቻቢቴ ሲያስጠጋበት አንዳንዱ ገና ይለጠጣል። ቀዩን የከፋይ ጨርቅ በፒንሳ ሲገነጥለው ደግሞ የስንት ዓመት ላብና ትንፋሽ፣ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ እያለ ፊቱ ላይ ወጣ። መደገፊያውና መቀመጫው በሚገናኙበት ስንጥቅ እጁን ሰደደ። የተቆረጠ ጥፍር። ንፍጥ ያደረቀው ሶፍት። የቁስል ፕላስተር ከነመግሉ። ፊት ለፊት፣ ትልልቅ እንግዶች ከሚቀመጡበት ረድፍ፣ የተጠቀለለ የሕፃን ዳይፐር አገኘ፤ እሱን አልከፈተውም። ከኋላ ረድፍ አይጦች ከተቀደደ ቲኬት ጎጆ ሠርተው ወልደዋል። ግልገሎቹ ጸጉር የላቸውም፣ ይንቀሳቀሳሉ።

ወደ ደጅ ሮጦ የበላውን አስመለሰ፤ ያልበላውም የወጣ መሰለው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ወንበር አይደለም፣ የቆሻሻ ገንዳ ነው» አላቸው ለአዳራሹ ኃላፊ።

«ሰው እኮ ነው የሚቀመጥበት። መልአክ መስሎህ ነበር?» አሉት ኃላፊው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ዝም ብለህ አዲሱን ጨርቅ ከላይ ደርብበት።»

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፣ ጌታዬ» ብሎ ተመለሰ። አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ፣ እያንዳንዱን ወንበር ሲፍቅና ሲያጥብ ሰነበተ። ሥራው አይደለም የጎዳው። አዳራሹ ሲጨልም አጠገቡ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እንደ ዘመዶቹ ያያቸው ነበር። አብሯቸው አልቅሷል። አሁን አንዷን ማስቲካ በፋቀ ቁጥር «ያን ዕለት ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ ነው? ወይስ ያቺ ሽቶዋ የሚያውድ ሴት?» እያለ አንድ በአንድ ይጠረጥራቸዋል። በአንድ እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ፣ በሌላው ይህን ይለጥፉ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ውስጥ እንኳ አጠገቡ የተቀመጠን ሰው ጣቶች ሳያይ መዋል አቃተው።

ከምሰሶው አጠገብ ሲደርስ ግን ልቡ ቀለል አለው። «የእኛስ ንጹሕ ነው» ብሎ የአማቱን ወንበር ገለበጠ። የብርቱካን ልጣጭ ተዘረገፈ፤ ተመጥጦ የተተፋው ሥጋውም አለ፣ ደርቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። የከረሜላ ወረቀት እየተጠመዘዘ በቋጠሮ በቋጠሮ ታስሯል። ከረሜላ በልቶ ወረቀቱን እንዲህ የሚቋጥር በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከሥራ ሲመለስ ያገኘውን በላስቲክ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። «እማማ፣ ይሄ የማን ነው?»

አማቱ መነጽራቸውን አደረጉ። «የከረሜላ ወረቀት ነው። ምነው?»

«ከወንበርዎ ሆድ ነው ያወጣሁት። ይሄም የተመጠጠ ብርቱካን ነው!»

«እና መድረኩ ላይ ያቺን ልጅ ገመድ አንገቷ ላይ አስገብተውባት፣ እኔ ተነስቼ ቆሻሻ መጣያ ልፈልግ?»

«ቦርሳ ይዘው የለም እንዴ?»

«ቦርሳዬን ላቆሽሽ?» አሉት፣ ከልባቸው ተገርመው።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ሚስቱም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ግን ፊቱ ቀላ። «ምኑ ነው የሚያስቀው? ለስንት ዓመት እዚህ ላይ ነው የተቀመጥነው! በበዓል ልብሳችን!»

«አንተ ልጅ» አሉ አማቱ፣ አሁን እሳቸውም ተቆጥተው፣ «ያን የክብሪት እንጨት ጥርስህ መሃል ስታንቀዋልል ትቆይና ሲሰለችህ የት ነው የምታደርገው? እስቲ ንገረኝ።»

በማግስቱ የራሱን ወንበር ሲከፍት ጫፋቸው በጥርስ ተጨፍልቆ የተሰነጠቁ የክብሪት እንጨቶች እጁ ላይ ፈሰሱ። ምራቁ ደርቆባቸው ቢጫ ሆነዋል። የገዛ አፉን ተጸየፈው። የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስለው ሴትዮ እሱ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ምሳውን ለጥበቃው ሰጠ።

አዳራሹ ተከፈተ። ወንበሩ ሁሉ ተነጥፎ የተኛ ቀይ ጽጌረዳ መሰለ። ሰው መጥቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እሱ ቤቱ ቀረ። «እኔ ሰው ተጸይፌአለሁ። እናንተ ሂዱ» አላቸው።

ሄዱ። ሲመለሱ እንደ ወትሮው ድምፃቸው ከመንገድ አልተሰማም። ሦስቱም በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ጥሩ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጥሩ ነበር» አለች ሚስቱ። «ባል የሚሆን ጠፍቶ ዳኛዋ ሥራ ፈታች እንጂ።»

ልጅቷ ደግሞ ቀስ ብላ «አባዬ፣ ብቻዬን መሞት ደስ አይልም» አለችው።

ይሄ አንጀቱን በላው። በሚቀጥለው እሑድ አብሮ ሄደ፤ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ዶሮ እንዳረፈች ተቀመጠ። በግራው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። መብራት ሳይጠፋ ጀምሮ ጣቱን አፍንጫው ውስጥ ከትቶ፣ እንደ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ይምሳል። ያወጣውን አድበልብሎ ወደ ታች ይሰዳል፤ ወደ አዲሱ ከፋይ። ስፖንጁ ከቴአትሩ አንድ ቃል አልሰማም፤ ዓይኑ ከዚያች ጣት አልተነቀለም። ሊጮህበት አፉን ሲከፍት አዳራሹ ድርግም አለ። መብራት ሄደ።

መድረክ ላይ አንድ ሽማግሌ ተዋናይ የጠፋች ልጁን የሚፈልግ አባት ሆኖ ነበር። ጨለማው ውስጥ ድምፁ ሳይናወጥ መጣ፦ «መብራት ሄደ እንጂ እኔ አልሄድኩም። ልጄ፣ የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ፣ አባባ» አለች ተዋናይዋ ከሆነ ጥግ።

ይህ ከድርሰቱ ውስጥ ይሁን አይሁን ማንም አላወቀም። ሽማግሌው በዳበሳ ሲሄድ ይሰማል። አንድም ሰው አልሳለም። ከዚያ «ጓ!» የሚል ድምፅ መጣ፣ አዳራሹም በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ስፖንጁም ብሏል።

«ደህና ነኝ» አለ ተዋናዩ። «የተጎዳው ወንበሩ ነው።»

ሳቁ ከፊት ተነስቶ እንደ ጎርፍ ወደ ኋላ መጣ። ሚስቱ ክንዱ ላይ ወደቀች፣ ልጅቷ ትንፋሽ አጠራት፣ አማቱ «ገደለን እኮ ይሄ ሽማግሌ!» ይላሉ። እሱም አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ፣ የማን ትንፋሽ እንደሚገባበት ሳይጠይቅ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወፍራሙ ሰውዬ በሳቅ እየተንፈራፈረ የስፖንጁን ጉልበት ጨብጦ ያዘ።

መብራት መጣ። ስፖንጁ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጅ አየ፤ የትኛው እጅ እንደሆነም አወቀ። በሁለት ጣቱ እጁን አንስቶ ለባለቤቱ መለሰለት። ሰውዬው ግን ገና ይስቅ ስለነበር «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሞትኩ እኮ!» አለው። ስፖንጁ ሊጠላው ፈልጎ ነበር፤ እጁን እንጂ ሰውየውን መጥላት አልሆነለትም።

ቤት እንደደረሰ ሱሪውን አውልቆ በረኪና ውስጥ ነከረው። ሚስቱ ከበሩ ተደግፋ ታየዋለች።

«ለመጪው እሑድ ምንድን ነው ያለው?» አላት፣ ከማሸቱ ሳይመለስ።

«ሙዚቃ ነው። የትንፋሽ መሣሪያ ብቻ።»

ማሸቱን አቆመ። «እየነፉ ምራቁን የሚያራግፉት?»

«እሱው።»

ከዚያ ሱሪውን ጨምቆ ገመዱ ላይ እየሰቀለ «ከፊት ረድፍ እንዳትይዢ ብቻ» አላት።