ከዝምታው በኋላ ያለው ግማሽ

ሥራ የጀመርኩት ባሕር ዳር፣ በጋሽ አያሌው ሙዚቃ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙዚቃ የሚባል ነገር አልሰማሁም። ጋሽ አያሌው ጥጥና አልኮል ሰጥተው የቴፖቹን ራስ አስጠረጉኝ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ በወጣ ቁጥር "ገና ነው" ይላሉ። ነጭ ሆኖ ሲወጣላቸው "በይ አሁን ያኛውን" አሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክራቸው የተጠላለፈ ካሴቶች ዘርግፈውልኝ በእስክሪብቶ ስጠመዝዝ ዋልኩ። ቤት ስገባ አባቴ "ምን ዘፈን ሰማሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ አልኮል አልኮል የሚሸቱ ጣቶቼን አሳየሁት።

አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። የሙዚቃ ቤት ሥራ ለሴት ልጅ አይሆንም ያሉትን ጎረቤቶች "የተቀመጠችው ጠረጴዛ ጀርባ ነው፣ መድረክ ላይ አይደለም" ብሎ ዝም አሰኛቸው። ለዚህ ቃሉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቤቱ ማዕረግ ነበረው። መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ሻጭ፣ ከሁሉ በላይ ቀጂ። ቀጂ የሚባለው የድምፁን ልክ የምታሳየውን መርፌ መጠበቅ የቻለ ነው። መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ከገባች ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከታች ከተኛች ሹክሹክታ ይሆናል። ሰው ቀጂ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ሲሰማ የሚውል ይመስለዋል። የቀጂ ዓይን መርፌው ላይ፣ ጆሮው ደንበኛው ላይ ነው። የሚቀዳውን ዘፈን በወጉ የሚሰማው ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊዜው የደርግ ነበር። ስብሰባ ሲኖር በር ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ይዘጋል። የሰሜኑ ጦርነት እያየለ ሲመጣ ወጣት ደንበኞቻችን ሳሱ። ዛሬ የመጣ ልጅ በሳምንቱ ቢቀር የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማይቀሩ ሦስት ሰዎች ነበሩን። ሙሉጌታ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። አስቴር የሆስፒታል ነርስ ናት። ደምሴ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሦስቱም የአንድ የውጭ አገር የሮክ ባንድ ወዳጆች ነበሩ፤ ሽፋኑ ላይ ጋሪ የተሣለበት ሸክላ ስላወጡ የባንዱን ሰዎች እኛ "ባለ ጋሪዎቹ" እንላቸው ነበር። ጋሽ አያሌው ጩኸታቸውን አይወዱትም፤ ግን ይሸጣል።

ያ ሸክላ የአንድ የውጭ አገር መምህር ነበር። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል በሙሉጌታ አማላጅነት ለአንድ ከሰዓት አዋሰን። እኔ ማስተሩን ቀዳሁ። ማስተር ማለት ለደንበኛ የሚሸጠው ሁሉ የሚባዛበት ዋናው ካሴት ነው። ደምሴ ባዶ ካሴት ይዞ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና የመጀመሪያው ቅጂ የእሱ ሆነ። ሰውየውም ሸክላውን ይዞ ሄደ።

በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ዘፈን አለ። ሙሉጌታ እንደተረጎመው ወፍጮው ስለ ቆመበት ሰው ነው። ዘፋኙ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እያዘነ ይሄዳል፣ ከዚያ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይተዉትና ጸጥ ይላል። አጭር ጸጥታ አይደለም፤ ሰው ተነሥቶ ቴፑን የሚመታበት ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ ሌላ ግማሽ ይመጣል።

ሙሉጌታና አስቴር ዘፈኑን አልወደዱትም። "ይሄ ቦታ መሙያ ነው፤ ዘፈን ሲያልቅባቸው የጨመሩት" ይላል ሙሉጌታ። ጸጥታው ላይ ሲደርስ አስቴር ቦርሳዋን ታነሣለች። ደምሴ ደግሞ ከባንዱ ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

"እናንተ ፋብሪካ ውስጥ አልሠራችሁም" አላቸው አንድ ቅዳሜ። "መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ሁሉ በአንዴ ቀጥ ይላል። ጆሮህ ይጮሃል። ሰው ከሰው አይነጋገርም። መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ አንዱ ከወዲያ ጥግ ይነሣል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። እኔ ቆሜ የምጠብቃት እሷን ሰዓት ነው። እነዚህ ሰዎች ያቺን ሰዓት ያውቋታል።"

"አንተን ዘፈን ሳይሆን ጄኔሬተር ነው የሚያስደስትህ" አለችው አስቴር። ተሳሳቅን። ደምሴም አብሮን ሳቀ።

ካሴቱ በተሸጠ በጥቂት ቀን ውስጥ መመለስ ጀመረ። ሐሙሲት ሻይ ቤት ያላቸው አንድ ሰውዬ በአውቶቡስ ድረስ መጥተው ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "አያሌው፣ መጨረሻውን ባዶ ሸጥኽልኝ እኮ" አሉ። ጸጥታው ጋ ሲደርስ አለቀ ብለው አውጥተውት ነው። ሌሎችም እንዲሁ አሉ። ወደፊት ቢያሳልፉት ይመጣል ብላቸው ማን ይስማኝ።

በዚያን ጊዜ የካሴት ቤት ደንብ አንድ ነው፤ ባዶ ቦታ አይሸጥም። ትርፍ ክር ካለ የታወቀ የእስክስታ ዘፈን ይሞላበታል። ጋሽ አያሌው "ከጸጥታው ጀምረሽ ሙይበት" አሉኝ። ማስተሩ ላይ ደርቤ ቀዳሁ፤ ከሥሩ የነበረው ሁለተኛ ግማሽ ጠፋ። ከደምሴ በቀር የገዛው ሁሉ መልሶት ነበርና የተመለሱትንም በዚያው አስተካክዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲያ የመለሰ የለም። ከተማው ዘፈኑን ግማሽ አድርጎ ለመደው፤ ዘፋኙ አዝኖ አዝኖ ጸጥ ሲል ወዲያው እስክስታው ይፈነዳል።

ደምሴ ሲሰማ አልተቆጣም። "ግድ የለም፣ የእኔ ሙሉ ነው። አንድ ቀን አምጥቼው ማስተሩን እናድሰዋለን" አለኝ። ቸኩሎ አያውቅም። እኛም አልቸኮልንም።

የዘመቻ ጥሪው የመጣለት በድንገት ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተፈልጎ ነው አሉ። በማግስቱ እንደሚጓዝ ነግሮኝ ለትንሿ ቴፑ ባትሪ ገዛ። ካሴቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ የዘማቾቹ ጭነትም ጧት ነው፤ ለመቅዳት ጊዜ የለም። "ስመለስ" አለኝ። እሺ አልኩት።

ወሬውን ያመጣችው አስቴር ናት። ሆስፒታል ከገቡት ቁስለኞች አንዱ አብሮት የነበረ ነው። ደምሴ መስመር ሲጠግን እንደወደቀ፣ ያለው ነገር ሁሉ እዚያው እንደቀረ ነገራት። ዘመዶቹ አረጋግጠው አባቱን መርዶ አረዱ።

ከለቅሶው በኋላ ሙሉጌታና አስቴር ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው መጡ። ደምሴ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። "ያንን ዘፈን ክፈቺልን" አለ ሙሉጌታ። ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ግማሽ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ጸጥታው ጋ ሲደርስ አጠፋሁት።

"ቦታ መሙያ አልነበረም" አለ ሙሉጌታ። "ያን ሁሉ ጊዜ ደምሴ ሲከፍትልን እኔ ስለ ሌላ ነገር አወራ ነበር።" አስቴር ታለቅስ ነበር። በከተማው ውስጥ ሙሉው የነበረው ደምሴ ጋ ብቻ እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

የደምሴ አባት የመጡት እኛ እንደዚያ እያለን ነው። መሪጌታ ላቀው ይባላሉ፤ በሐይቁ ደሴቶች ባንዱ የዜማ መምህር ናቸው። ደምሴ የዜማ ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ ሲገባ ተቀይመውት እንደነበር እሱ ራሱ ነግሮናል። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ ይመጣበት የነበረው ቤት ይኸ ነው?"

"አዎ መሪጌታ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"አልገባም። ዘፈን ልሰማ አይደለም የመጣሁ። ልጄ የወደደውን ልሰማ ነው። ከደጅ ሆኜ ይበቃኛል።"

አግዳሚ ወንበር አወጣንላቸው። እኔ ድምፅ ማጉያውን ወደ ደጅ አዞርኩና ዘፈኑን ከመነሻው ከፈትኩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንድ ጊዜ እንኳ ፊታቸውን አላጨፈገጉም። እኔ እሳቸውን ሳይ ቴፑን ረሳሁት፤ ጸጥታው አለፈና እስክስታው ፈነዳ። ዘልዬ ዘጋሁት።

"ይኸ ነው የወደደው?"

"አይደለም አባቴ። ከጸጥታው በኋላ ያለው ነው የሚወደው። እሱ እዚህ የለም።"

"የት ሄደ?"

"ይዞት ሄደ።"

መሪጌታ ከአግዳሚው ሆነው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ "አንቺስ ሰምተሽዋል?" አሉኝ። ስቀዳ ሰምቻለሁ፣ ግን ዘፋኝ አይደለሁም አልኳቸው።

"እኔ ዘፋኝ አልፈለግሁም። እኛ ዘንድ ዜማ የሚወሰደው ከሰማ ሰው አፍ ነው። በይ እንዳስታወስሽው።"

እንዴት እንዳፈርኩ አልናገርም። መንገደኛ ያልፋል። ጋሽ አያሌው ከውስጥ ወጥተው ቆመዋል። ቃል ስለሌለው በአፍንጫዬ ነው የያዝኩት፤ መጀመሪያ አንዱን መሣሪያ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሙሉጌታ በጣቱ ወንበሩን እየመታ ተከተለኝ። መሪጌታ "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ እሳቸውም በቀስታ አብረውኝ ገቡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ግን አቆሙ።

"ይኸን አውቀዋለሁ" አሉ። "ለጥምቀት መጥቶ የቤቴን ክዳን ሲጠግን ከላይ ሆኖ ያንጎራጉረው ነበር። ተማሮቼ ከታች ተቀምጠዋል። አፈርሁ። ዝም በል አልሁት።"

"ከዚያስ?" አለች አስቴር።

"ከዚያማ ዝም አለ። ጠግኖ ወረደ። ሄደ።" ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። "እስከዚህ ነው የሰማሁት። ቀሪውን በይልኝ፣ ልጄ።"

ቀሪውን አልኩላቸው። እያለቀስኩ ስለነበር ድምፄ ይሰበር ነበር። እሳቸው ግን እየተቀበሉ እስከ መጨረሻው አወጡት፤ በእሳቸው አፍ ሲሆን እርጋታ አገኘ። "አለቀ?" አሉኝ። አለቀ አልኳቸው። ሦስታችንንም መርቀው ታንኳቸው ወደ ቆመበት ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቃችን አልመጡም።

ጋሽ አያሌው በዚያ ቀን ከተደረበው ሥር የቀድሞውን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማይቻል ከእኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሙሉጌታ ሸክላውን ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ ሰው ላከ፤ አልተገኘም። ወሬው ከተማውን ሲዞር ዘፈኑን የሚጠይቅ በዛ። ከባለ ጋሪዎቹ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው ይላሉ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አንድም ቀን ያልሰሙት ሳይቀሩ። እኔ ያለኝን ግማሽ እየቀዳሁ ሰጠሁ።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ ከእኔ በኋላ የገቡትንም ቀጂዎች ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። መርፌ ማየትን ማንም ይለምደዋል። እኔ አጥብቄ የያዝኳቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሙሉ ቅጂ እጃችሁ ሳይገባ ማስተር ላይ ደርባችሁ አትቅዱ። ቅጂው ሌላ ሰው ጋ አለ ማለት አለ ማለት አይደለም።