የፖስተኛው አረማመድ

ተማሪዎቿ «እትዬ እርሳስ» ይሏት ነበር። ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታ ገበያ የምትወጣ የሥዕል አስተማሪ ሌላ ምን ትባል? ታናሽ ወንድሟ የቪዲዮ ጌም ልሥራ ብሎ የሚሥልለት ሰው ሲያጣ፣ ማስተማሩን ትታ አብራው ተቀመጠች። እናታቸው «ደህና ሥራሽን ለጨዋታ?» ብለው አንድ ሳምንት አኮረፏት።

ጌሙ ዝናብ በማያባራበት ከተማ ደብዳቤ ስለሚያድል ፖስተኛ ነው። ፖስተኛው አንድ እርምጃ እንዲራመድ ስምንት ሥዕል ይፈልጋል፤ ደረጃ ሲወጣ ሌላ ስምንት፣ ሲደክመው ሌላ። እሷ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ትሥላለች፣ ወንድሟ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ያንቀሳቅሳል። በአራት ዓመት አሥራ አንድ ደብተር ጨረሰች።

ያ ፖስተኛ ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ወርወር እያደረገ ነው የሚሄደው። ደረጃ ስር ሲደርስ ቆም ብሎ ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ትከሻ ያዞራል። አባታቸው ናቸው። ፖስተኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ እሷ አሥር ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ገና በእናቱ ሆድ። ይህን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው። እናቷ አንድ ቀን ራሳቸው አይተው እንዲያውቁት፣ አውቀውም ከዚያ ኩርፊያ የተረፈውን ቅሬታ ከልባቸው እንዲያወጡት ፈለገች። ግን የእናትየው ዓይን ቴሌቪዥን እንጂ የኮምፒውተር ስክሪን አይችልም። እናም የቴሌቪዥን ሰዎች ዘጋቢ ፊልም እንሥራ ብለው ሲመጡ ደስታዋ ወሰን አጣ።

ሰዎቹ ሁለት ቀን ቆዩ። ወንድምና እህት አራት ዓመት ለብርሃኑ ብለው መስኮት ስር ነበር የሚሠሩት፤ ዳይሬክተሩ መጋረጃውን ዘጋ። የጌም ሠሪ ክፍል ጨለማ መሆን አለበት አሉ፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ! የእሷን ጠረጴዛ «ለካሜራው ቦታ ያጣብባል» ብለው ኮሪደር አወጡት።

«እትዬ፣ እስቲ ሻይ ይዘሽ ግቢ» አላት ዳይሬክተሩ።

ሦስት ጊዜ አስገቧት። እየሳቀች ገባች፤ የዋህ ናት፣ ተራዬ ነገ ነው ብላ። በማግስቱ ወንድሟን በር ዘግተው አነጋገሩትና ዕቃቸውን ሸከፉ።

«ስለ ደብተሮቹ ጠየቁህ?» አለችው።

«ጠየቁኝ እንጂ፣ እቴቴ» አለ፣ ገመድ እየጠቀለለ።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት ተላለፈ። እናት መነጽራቸውን ወልውለው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ። አንድ ወፍራም ድምፅ «ዓለምን ረስቶ ከማሽን ጋር የሚኖር ብቸኛ ሊቅ» አለ። ጎረቤቱን ሁሉ በቀልድ የሚያስቀው ልጅ ጨለማ ውስጥ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። እሷ ሻይ ይዛ ገባች፣ ወጣች፤ «ታጋሿ እህቱ» ተባለች። ይሁን፣ ቴሌቪዥን ነው፣ ይቆርጣል አለች በሆዷ። ቀጥሎ ወንድሟ አፉን ከፈተ፦

«እያንዳንዷን እርምጃ ብቻዬን ነው የሠራኋት።»

መቀስ የሰውን ቃል ይቆርጣል እንጂ ያልተናገረውን አያናግርም። ዞራ አየችው፤ እሱ ምንጣፉን ያያል።

ያኔ ፖስተኛው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ትከሻውን ጣል፣ እግሩን ወርወር አድርጎ ሄዶ፣ ደረጃው ስር ቆመና ቦርሳውን አዞረ። እናት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ውይ! ውይ ልጆቼ! ይሄ እኮ አባታችሁ ነው!»

ሠላሳ ዓመት አልፎም ባላቸውን አልሳቱም። እንባቸው በመነጽሩ ስር ወረደ። እትዬ እርሳስ ተነሥታ እጇን ዘረጋች፤ እናት ግን በእጇ ሥር አልፈው ወንድሟን አንገቱን አቀፉት።

«አንተ ልጅ፣ ሳታየው እንዴት አወቅኸው? ደም ነው፣ ደም! አባትህን መለስክልኝ፣ እግዜር ይባርክህ!»

ወንድሟ በእናቱ ትከሻ ላይ ቀና ብሎ አያት። ጠበቀችው። እውነቱን ራሷ ብትናገረው እናቷን ከዚያ ደስታ ላይ ልታወርዳቸው ነው፤ እሱ ቢለው ግን «እሷ ናት የሣለችው» ማለት ይበቃ ነበር።

«አሜን፣ እማዬ» አለ።

ሆድ ይፍጀው ብላ ጎንበስ አለችና የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።