«ነጻ» የተባለው ደም

ልጄ ክረምቱን ሆሳዕና አጠገብ የባለቤቴ እናት ዘንድ ከርማ ስትመለስ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። ከመሄዷ በፊት ሆዷ ተነፍቶ፣ ክንዷ መንምኖ ነበር የማውቃት። ጎፋ ውስጥ ይዘናት ያልገባንበት ክሊኒክ የለም። አንዱ አሜባ ነው ይላል፣ አንዱ ጃርዲያ፣ ሌላው ደግሞ ያው የተለመደው ታይፎይድ። ልጅቷ ሽሮፕ ስትጋት ስምንት ዓመት ሞላት።

በመጨረሻ አንድ የሕፃናት ሐኪም «ሴሊያክ ሊሆን ይችላል» አለን። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቷን እየጎዳው እንደሆነ በደም ምርመራ ይታያል አለ። ደስ አለኝ። በሽታ ስም ሲያገኝ ደስ እንደሚል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ላቦራቶሪ ስንሄድ ግን ሪኤጀንት የሚሉት የመመርመሪያ ኬሚካል አልቋል፣ ከመስከረም በኋላ ኑ ተባልን። ትምህርት ስለተዘጋ ልጅቷን ለአያቷ ላክናት።

አያቷ የሚያበሏት ቆጮ ነው። ጠዋት ቆጮ በወተት፣ ማታ ቆጮ በጎመን። ቆጮ ከእንሰት ስለሆነ ስንዴ አይነካውም፤ ክረምቱን ሙሉ ዳቦ በአፏ አልዞረም። በመስከረም ደሟን ልናስቀዳ ስንሄድ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እንጂ እሷን አላየም። ምን ስትበላ ከረመች ብሎም አልጠየቀ። ውጤቱ ሲመጣ «ነጻ ናት፣ የፈለገችውን ትብላ» አለና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ።

እሁድ ባለቤቴ መካኒሳ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ። ልጃችንን አጠገቡ አቁሞ፣ ማይክ ይዞ፣ «ጌታ ፈውሷታል፣ የሐኪም ወረቀት በእጄ ነው» አለ። እልልታው ቀለጠ። እኔም እያለቀስኩ እልል አልኩ። ከሰዓት በኋላ አብረውን የሚጸልዩ ሰዎች ድፎ ዳቦ ይዘው ቤታችን መጡ፤ ትልቁን ቁራሽ ለእሷ ሰጧት።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ዕቃዋ አንድ ቀን ዳቦ በማርማላታ፣ አንድ ቀን ፓስታ ሆነ። እንዴት ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትላለች። ሁለት ወር ሳይሞላ አስተማሪዋ ደውላ ልጅሽ ሰልፍ ላይ ወደቀች አለችኝ። እየሮጥኩ ደረስኩ። አስተማሪዋ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ «ሽንት ቤት ስትመላለስ ነው እኮ የምትውለው፤ ቤት አትናገርም እንዴ?» አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ እቅፌ ላይ አስቀምጬ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አባዬ ድናለች ብሎ ለሰዎቹ ነግሯቸዋላ። ካመመኝ ዋሸ ይሉታል።»

ደሜ ፈላ። የስምንት ዓመት ልጅ የአባቷን ክብር በሆዷ ተሸክማ ስትዞር ከርማለች! ልጅቷን ይዤ በቀጥታ ያ ሐኪም ጋ ሄድኩና ተራ ሳልጠብቅ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ክረምቱን ቆጮ ስትበላ ተሽሏት እንደነበር፣ ዳቦ ስትጀምር እንደታመመች ነገርኩት። «ስንዴ ካቆመችማ ምርመራው ላያሳይ ይችላል። መናገር ነበረባችሁ» አለኝ።

መናገር ነበረባችሁ! «አልጠየቅከና!» አልኩት። አንቱታውን በር ላይ ጥዬው ነበር የገባሁት። «እኔ በምን አውቄ? ጋውን የለበስከው አንተ!» በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ይሰብሰብ አልኩ በልቤ፣ ሁሉም ይስማ። ጥበቃው መጥቶ «እናቴ፣ በቃ ተረጋጊ» እያለ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። መረጋጋት ያለብኝ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

ሳር ቤት አካባቢ ያገኘናት ሌላ ሐኪም ገና ከመቀመጣችን «ምን ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች። ዳቦ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት አልኳት። «እንግዲያው ዛሬውኑ ይቀዳ» አለች። ልጄ ሕመሟን ደብቃ ዳቦ የዋጠችባቸው ሳምንታት ለምርመራው የሚያስፈልጉት ሆነው አረፉት። ከዚህ የበለጠ ምን ያናድዳል? ውጤቱ ከልኩ በላይ በጣም ከፍ ብሎ መጣ። ሌላ ናሙና ወስዳ ካረጋገጠች በኋላ ሴሊያክ ነው፣ ስንዴና ገብስ ከዛሬ ጀምሮ ቀረ አለችን።

ውጤቱንም ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ያለችኝንም ለባለቤቴ በስልክ ነግሬው፣ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኩት። ከሥራ ሲገባ ግን ፊቱን አየሁና ሁሉንም ዋጥኩት። «አጠፋሁ» ሊለኝ ሲጀምር «ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ንገራት» ብቻ አልኩት። ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እሁድም ለሰዎቹ እነግራቸዋለሁ» አላት።

ሰማችውና ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲህ ሲያመኝ መናገር ይቻላል?»

«ጩኺ» አልኳት። «ቤትም፣ ክፍልም፣ ቤተ ክርስቲያንም። አባትሽ ማይክ ይዞ እያወራም ቢሆን ጩኺ!»