ከደጅ የምታስቀድሰው ፈንታነሽ

ፈንታነሽ ቀናተኛ ነበረች፤ እሷም አትክደውም። የምትቀናውም በሩቅ ሰው አይደለም፤ የባሏ የደምለው ታናሽ ወንድም ባገባት በይርጋነሽ ነው። ሁለቱም ቢቸና ውስጥ በአማታቸው በእማማ ወለተ ሥላሴ ግቢ ይኖራሉ፤ ሁለቱም አልወለዱም።

የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ከደጅ ቆማ ታስቀድሳለች። ስለዚህ የማን ወር መቼ እንደሆነ የአጥቢያው ሴት ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። የፈንታነሽ ደም ደግሞ ሥርዓት የለውም። አንዴ ጠፍቶ ይከርማል፣ ሲመጣ ደግሞ አልቆም ይላል። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ከግንቡ ሥር ስትቆም ይርጋነሽ አጠገቧ አልፋ ትገባለች። ከመኸር ወዲህ ይርጋነሽ አንድም ሰንበት ደጅ አልቆመችም።

"ይቺ አርግዛለች" አለች ፈንታነሽ ለራሷ፤ አንጀቷም አረረ።

ነገሩ ለአማቲቱም ታይቷቸዋል። "ታናሽሽ ቀደመችሽ" አሏት አንድ ቀን። "እስከ ፋሲካ ያንቺ ነገር ካልለየለት ለደምለው ሌላ አፈላልጋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።" ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ የልጅ ልጅ አምሯቸው ነው። ግን ያሉትን ሳያደርጉ አይቀሩም።

ከዚያ ወዲያ ፈንታነሽ የይርጋነሽን ሆድ ስትጠብቅ ትውላለች። ሆዱ አይገፋም። አለመግፋቱንም ፅንሷን የመደበቂያ ተንኮል አደረገችው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ። እንዲያውም ደሜን በመድኃኒት ያዛባችው እሷ ናት እስከ ማለት ደረሰች። ቅናት ከያዘ እንዲህ ነው፣ ያላዩትን ያስምላል።

ጥምቀት እንዳለፈ "ሞጣ ሄጄ ጸበል ልጠመቅ" ብላ በእህል ጭነት መኪና ተሳፈረች። ተጠምቃለችም፣ አልዋሸችም። ያልተናገረችው ከጸበሉ በኋላ ክሊኒክ እንደምትሄድ ነው። ከሐረር ተመድባ የመጣችው ነርስ ነገሯን ሁሉ ከሰማች በኋላ አንገቷን ዳሰሰቻት።

"ይህ እንቅርት ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እሱን ተዪው። እኛ አገር እንቅርት የሌለው ማን አለ? የመጣሁት ለደሜ ነው።"

"ደምሽን የሚያዛባው እሱ ይመስለኛል" አለች ነርሷ። "ደም የሚዛባበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የአንገት ዕጢ ሲታመም ግን ወርም ይዛባል፣ ፅንስም ያስቸግራል። መድኃኒቱን ታግሠሽ ውሰጂ። ካልተሻለሽ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እልክሻለሁ።" የአዮዲን ጠብታና ለደም ማነሷ የሚሆን ክኒን ሰጠቻት።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ወደ ውጭ ብትወጣ ይርጋነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጉንደ ወይን ያሉትን ወላጆቼን ልጠይቅ ብላ ነበር ከቤት የወጣችው። ከፈንታነሽ ቀድማ ተመርምራ ክኒኗን ትጠብቃለች።

"ለእርግዝናሽ ነው?" አለቻት ፈንታነሽ።

"የምን እርግዝና፣ እቴ።" ይርጋነሽ እንባዋ መጣ። "አበባዬ ከጠፋ ከረመ። ልጅ እስኪሰጠኝ ቅቤና ወተት ላልቀምስ ተስዬ፣ በጾሙም በፍስኩም እስኪመሽ ሳልበላ እውላለሁ። ነርሷ እርግዝና አይደለም፣ ሰውነትሽ ቢከሳ ነው ደሙ የቆመው፣ ብዪ አለችኝ። አንቺ ደጅ ስትቆሚ፣ ምነው እንደሷ በመጣልኝ እያልኩ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት።"

ፈንታነሽ መጀመሪያ ደስ አላት። አልደብቅላትም፣ ደስ አላት። ከዚያ ነጠላው ሲንሸራተት የይርጋነሽን ክንድ አየች፤ አጥንት ብቻ ነው።

ቢቸና ሲመለሱ እማማ ወለተ ሥላሴ ቅቤ የጠገበ ወጥ አቅርበው ጠበቋቸው፤ ቅቤ የበዛበትን ወደ ይርጋነሽ አዞሩት። "ለሁለት ነው የምትበዪው" አሏት። ይርጋነሽ እጇን ሰብስባ ፈንታነሽን በፍርሃት አየቻት።

እርጉዝ አይደለችም የሚለው ቃል ፈንታነሽ ጥርስ ላይ ደርሷል። ብትናገረው ሁለቱ እኩል ይሆኑ ነበር፤ የአማቲቱም ቁጣ ለሁለት ይከፈል ነበር። ያን ቅቤ አይታም ቀንታለች፤ ለእሷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተደርጎላት አያውቅም። ሆኖም ከቅቤው በኩል ጠቀለለች።

"ብዪ፣ እቴ።"

ይርጋነሽ አፏን ከፈተች።

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ እማማ። "አንቺስ፣ ጸበሉ ምን አለሽ?"

"ጠብቂ አለኝ፣ እማማ" አለች ፈንታነሽ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ጠቀለለች።