የቴፒን አዳራሽ ባዶ ያስቀረሁበት ውድድር

ሰውየውን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። ሚዛን ተፈሪ ላይ ስላዘጋጀሁት የጌም ውድድር የሚያወሩ ሰዎች ለወጣቱ አስቤ፣ ለከተማዋ ተቆርቁሬ ያደረግሁት ይመስላቸዋል። እንደዚያ አልነበረም። አንድን ሰው ለመበቀል ነው ያደረግሁት።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። አባታችን ከጅማ መጥቶ ሚዛን ውስጥ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት ታላቅ ወንድሜ ሱቁን ጌም ቤት አደረገው። ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ቴሌቪዥኖቹን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ ፕሌይስቴሽኖቹን ከሥራቸው ደርድሮ፣ የአባታችንን የጨርቅ መደርደሪያ ለአግዳሚ ወንበር አስፈልጦት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አይሱዙ መንዳት ጀመረና ቡና ጭኖ አዲስ አበባ መመላለስ ያዘ። ቤቱ ለእኔ ቀረ።

ጠዋት ጠዋት ተማሪው ክፍል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሥራ ላይ ስለሚሆን ደንበኛ የለም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ የድብድብ ጌሙን እጫወታለሁ። የኳሱን አልወደውም ነበር። ድብድቡ ላይ ግን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ የሚያቀብልሽም የለም፣ የምታሳብቢበትም የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰፈሩ ወንዶች የሚያሸንፈኝ ጠፋ። መጀመሪያ ሲሸነፉ ይስቁ ነበር፤ ቀጥሎ ይናደዱ ጀመር፤ በመጨረሻ ለመዱት።

በየዓመቱ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ቴፒ ላይ ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር ይደረግ ነበር። ከሚዛን፣ ከሸኮ፣ ከቦንጋ፣ አንዳንዴም ከጋምቤላ ድረስ ሰው ይመጣል። አዘጋጁ እዚያው ቪዲዮ ቤት ያለው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የቆዳ ጃኬት የማያወልቅ፣ ማይክ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም። የሚያውቁት ያውቁታል።

የሄድኩት ከሰፈራችን ልጆች ጋር በሚኒባስ ነው። አዳራሹ ውስጥ ማን መቼ እንደሚጫወት የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል፤ ውሃ ሊጠጣ የወጣ ተመልሶ ሲመጣ «ተጠርተህ ነበር፤ አልፎሃል» ይባላል። የአዘጋጁ ሰዎች ግን ሳይጫወቱ ያልፋሉ። የኔ ተራ ሲደርስ ሰውየው ማይኩን አፉ ላይ አስጠግቶ፣ «ሚዛን ወንድ አለቀ እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አብረውኝ የመጡት የሰፈሬ ልጆችም ሳቁ።

የመጀመሪያውን አሸነፍኩ። ሁለተኛውንም አሸነፍኩ። ሦስተኛው ተጋጣሚዬ የአዘጋጁ የሚስት ወንድም ነበር፤ ያለፉትን ዓመታት ያሸነፈው፣ ኮከቡ። ለኔ የተሰጠኝ ጆይስቲክ የእርግጫው ቁልፍ ሲጫኑት ተመልሶ አይነሳም። ለሰውየው አሳየሁት።

«የቻለ ሰው በምንም ይጫወታል» አለኝ።

ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ነው የሚያልፈው። እርግጫውን ትቼ በቡጢ ብቻ የመጀመሪያውን ዙር ወሰድኩ። በሁለተኛው ዙር ኮከቡን ጥግ አስይዤው፣ ጉልበቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ሳለ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። «መብራት ሄደ» ብሎ ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀና ስል የጣሪያው አምፖል ይበራል። ዞር ስል አዘጋጁ ገመዶቹ የሚሰኩበት ዲቫይደር አጠገብ ቆሟል፤ የተነቀለው ሶኬት እግሩ ሥር ነው።

«ነቀልከው» አልኩት።

«እግሬ ነክቶት ይሆናል» አለ በማይኩ። «ምንም አይደል፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል።»

«አንደኛውን ዙር አሸንፌያለሁ እኮ። ሁለተኛውም ሊያልቅ ነበር።»

«ሴትን ወደ ውድድር ማምጣት ትርፉ ንትርክ ነው» አለና ሕዝቡን እንደገና አሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ከዳኛ ጋር የተከራከረ ይወጣል» ብሎ የሚስቱን ወንድም እጅ አነሳ።

ዳኛውም አዘጋጁም አስተዋዋቂውም እሱ ነበር። ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከልጆቹ ርቄ ከፊት ተቀመጥኩ። አላለቀስኩምም። ሸኮ እስክንደርስ ድረስ የማስበው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ያንን ልጅ እንዴት እንደማሸንፈው ነበር። ከሸኮ ወዲህ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ሄጄ ባሸንፍስ፣ አሸነፈች ብሎ በማይኩ የሚናገረው ያው እሱ ነው። የሚያሳምመው መሸነፍ አይደለም። የሚያሳምመው ማይኩን ማጣት ነው።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። የሚቀጥለውን ትልቅ ውድድር እኔ እዚህ እንደማዘጋጅም ነገርኩት። ሻዩን አማሰለ።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። እንዲያውም ወደ ቦንጋ ሲሄድ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይይዝልኝ ጀመር።

ወራቱን የፈጀሁት በመዞር ነው። ሸኮ በገበያ ቀን፣ ቦንጋ ወንድሜ ሲጭን፣ ቴፒም ሰውየው በሌለበት ሰዓት። ጌም ቤት በሄድኩበት ሁሉ ተጫዋቾቹን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ «ቴፒ ላይ ምን ደረሰብህ?» ያልተበደለ አላገኘሁም። አንዱ ሳይጠራ አልፎሃል ተብሏል። አንዱ እጣ ወጣ ተብሎ በየዓመቱ ከኮከቡ ጋር ይገናኛል፤ እጣው ሲወጣ ግን አይቶ አያውቅም። አንድ የሸኮ ተማሪ እንደኔው የተበላሸ ጆይስቲክ ተሰጥቶት ነበር። ይህ ልጅ ዝምተኛ ነው፤ አማርኛውን ቀስ እያለ፣ ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው። «እኔ ተሸነፍኩ አልልም፤ ጣቴ ነው የታሰረው» አለኝ። ስሰማ እናደዳለሁ፤ ስናደድ ደግሞ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ በደል ለኔ አንድ ደንብ ሆነኝ።

ደንቡን መልክ ያስያዙልኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ናቸው። የትምህርት ቤቶችን የእግር ኳስ ውድድር የሚመሩ ሰው ናቸው፤ ጌም የሚባል ነገር ግን ነክተው አያውቁም።

«ቲቸር፣ አንድ ሰው እንዳያጭበረብር ማድረግ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚያጭበረብረው?»

«እሱ አይመጣም። ግን ሰው ሁሉ እሱ ያደርገው የነበረውን እንዲያውቅበት ነው የምፈልገው።»

ትንሽ አዩኝና ሳቅ አሉ። ከዚያ ሰዓት በሰዓት መከፋፈልን አስተማሩኝ። የቦንጋ ልጆች ጠዋት፣ የሸኮና የቴፒ ረፋድ ላይ፣ የሚዛኖች ከሰዓት፤ ማንም ከሁለት ሰዓት በላይ ግድግዳ ተደግፎ እንዳይጠብቅ። ተራው በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎ በር ላይ ይቆማል። እጣው ሰው ሁሉ እያየ ይወጣል፤ የሚያወጣው ማንንም የማያውቅ መንገደኛ ይሆናል። በየቴሌቪዥኑ የተጫዋቾቹ ዘመድ ያልሆነ ዳኛ ይቀመጣል። ከአንደኛው ዙር በኋላ ተጋጣሚዎቹ ጆይስቲክ ይለዋወጣሉ። አሥር ደቂቃ የዘገየ በፎርፌ ይሸነፋል። የሶኬቱን ነገር እኔ ራሴ ጨመርኩበት፤ ከጣውላ ሳጥን አሠርቼ ዲቫይደሩን ከነሶኬቱ ውስጡ ቆለፍኩበት፤ ጀነሬተሩም መብራት ኖረም አልኖረም ከጠዋት ጀምሮ እንዲሠራ አደረግሁ።

ቀኑን ስመርጥ አላመነታሁም። የሱ ውድድር የሚደረግበትን ቅዳሜ መረጥኩ።

ቴፒ ላይ የሆነውን የሰማሁት ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ነው። የተመዘገበለት ሰው ስለጠፋ ሰውየው ውድድሩን ሰርዞታል። ኮከቡ ደግሞ ሚዛን መጥቶ ተመዝግቧል፤ ሊያዋርደን እንደሚመጣም ሲፎክር ተሰምቷል። «አዳራሹ ባዶ ነው» ያለኝን የቴፒ ልጅ ደጋግሞ እንዲነግረኝ አደረግሁት። ወንበሮቹ የት እንደተከመሩ ሳይቀር ጠየቅሁት።

የውድድሩ ቀን፣ ዝናብ አይጥልበትም በተባለበት ወቅት፣ ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብ አደረ። ለውድድሩ የተከራየሁት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የቦንጋዎቹ ጨዋታ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ። የሸኮና የቴፒ ተራ ሲደርስ ግን አንድም ሰው የለም። ሸኮ ዳገት ላይ መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቶታል፤ ተጫዋቾቹ የተሳፈሩበት ሚኒባስም ከኋላው ቆሟል ተባለ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ሰባት ሆነ። ዓይኔን ከሰዓቴ አላነሳሁም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ ኮከቡን በራሴ ማይክ፣ «ዘግይተሃል፤ አልፎሃል» ልለው ነው።

መምህሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የሸኮው ተማሪም እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ እሱንም ታባርሪዋለሽ።»

ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ አባርር ነበር። ይህን አልደብቅም። ማይኩን አነሳሁና መንገድ ስለተዘጋ የሸኮና የቴፒ ተጫዋቾች በሙሉ ወደ ከሰዓት መዛወራቸውን፣ የሚዛኖች ተራ ወደፊት መምጣቱን ተናገርኩ። ሰሌዳው ላይ ተስተካክሎ ተጻፈ። የተቆጣ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ። ሰውየውም አብሮ ነበር፤ ጃኬቱን እንደለበሰ። ኮከቡ ከተራው እንዳልተባረረ ሲሰማ ሰውየው አላመነም። ሰሌዳውን ደጋግሞ አነበበው። ከፊት አግዳሚ ላይ ቦታ አስለቀቅኩለትና፣ «እዚህ ተቀመጥ» አልኩት። ሁሉም እንዲያየው ነበር። ምንም የሚሠራው ነገር አልነበረውም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ግራ ገብቶት ነበር።

እጣውን ያወጡት ከመናኸሪያው የጠራናቸው፣ ወደ ቱም ከተማ የሚሄድ መኪና የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኮከቡ ከሸኮው ተማሪ ጋር ተገናኘ። ይህን እኔ ብሠራው ኖሮ ከዚህ አላሳምረውም ነበር፤ ግን አልሠራሁትም።

የመጀመሪያውን ዙር ኮከቡ ወሰደ። ጆይስቲክ ተለዋወጡ። ሁለተኛውን ተማሪው አሸነፈ። ሦስተኛው ሲጀመር የሸኮው ልጅ አልቸኮለም፤ እየጠበቀ፣ ኮከቡ በተወረወረ ቁጥር አንዴ እየመታ ጨረሰው። አዳራሹ ተነሣ። ሰውየውም ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ጮኸ።

«ቁልፉ አይሠራም! የተበላሸ ነው የሰጣችሁት!»

ሰዉን ዝም አሰኘሁ። ስመኘው የኖርኩት ይህን ነበር ማለት እችላለሁ፤ ግን እንዲህ በራሱ አፍ ይሰጠኛል ብዬ አላሰብኩም። ቁልፍ ሲነካ ምልክቱ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣበትን የጌሙን የልምምድ ክፍል አስከፈትኩ።

«ና፣ ራስህ ሞክረው» አልኩት በማይኩ።

መጣ። ጆይስቲኩን ያዘ። ቡጢውን ነካ፤ ምልክቱ ወጣ። እርግጫውን ነካ፤ ወጣ። ሁሉንም አስነካሁት፤ አንዱንም አላስዘለልኩትም። አንዱን ቁልፍ በነካ ቁጥር ሰዉ በአንድ ድምፅ «ይሠራል» ይላል። የመጨረሻውን ነክቶ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ሳቁ ሲጀመር ማስቆም እችል ነበር፤ ማይኩ እጄ ላይ ነው። አላስቆምኩም። እስኪበቃቸው ሳቁ።

ከሦስት ወር በኋላ ሰውየው ሽማግሌ ላከብኝ። ወንድሜ የሚያከብራቸው አንድ ሼህና ጡረታ የወጡ አንድ የቴፒ አስተማሪ ቤታችን ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ሰውየው ተጎድቷል» አሉኝ አስተማሪው። «አንድ ዓመት ቴፒ፣ አንድ ዓመት ሚዛን ይሁን ይላል። ደንብሽንም ይቀበላል።»

«ሶኬቱን ነቅዬ ነበር ብሎ በአዳራሹ ሰው ፊት ይናገር» አልኳቸው። «ያን ቀን በሙሉ ልቤ እስማማለሁ።»

«እግሩ ነክቶት ነው እኮ የሚለው።»

«እንግዲያው ይቅር።»

ሼሁ ብዙ መከሩኝ። ይቅርታ ስለሚሰጠው ዕረፍት ነገሩኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም። ሲወጡ ወንድሜ እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው። ተመልሶ በር ላይ ቆመና፣ «አሁን ቀለለሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቀልሎኝ ነበር፤ በማግስቱ ግን ሰውየው እንደገና ትዝ ሲለኝ ንዴቱ እንደነበረ ነው። ሰውየው ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ የሞባይል ዕቃ መሸጥ እንደጀመረ ስሰማም ደስ አለኝ፤ ያም ደስታ ብዙ ቀን አልቆየም። ውድድሩን ግን አላቆምኩም። የሚቀጥለው ዓመት ከጋምቤላ የሚመጡ ስለበዙ ሦስተኛ ቴሌቪዥን ያስፈልገን ነበር፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጭኖልኝ መጣ።